ካርታው የማያውቀው ሃያ ደቂቃ

የከበሩ ድንጋዮች ነጋዴው የቆዳ ከረጢቱን ማሰሪያ በመቀስ ቆርጦ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፈው፣ ዕንቁ ይወጣል ሲባል ጠጠር ወጣ። ክብ ክብ፣ ነጣ ነጣ ያለ ጠጠር። ነጋዴው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነበር። ቀጥሎ ከረጢቱን ገልብጦ አራገፈው፣ እጁን ሰዶ ዳበሰው፣ አልበቃው ብሎ ውስጡን አሸተተው። ከዚያ በኋላ ያሰማው ጩኸት ከታችኛው አውሮፕላን ማረፊያ አልፎ መንደሩ ድረስ ዘለቀ።

ኢንስፔክተሯ ከሳጅኗ ጋር ስትደርስ ሰውየው ላቡን እየጠረገ ከግድግዳ ግድግዳ ይንጎራደዳል። ማረፊያው ማረፊያ ይባል እንጂ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ያላት ክፍል፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ሚዛንና ደጅ የተደለደለ ቀይ አፈር ነው። ግድግዳው ላይ በቀለም «ወደ ላይኛው ማረፊያ፣ የአንድ ሰዓት በረራ» ተብሎ ተጽፏል። ላይኛው ማረፊያ ደግሞ ዕንቁው የሚቆፈርበት ተራራ አናት ላይ ነው። በመኪና ተራሮቹን ዞሮ ለመድረስ አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ ሰውም ዕቃም የሚመላለሰው በአንዲት ትንሽ አውሮፕላንና በአንድ አብራሪ ነበር።

«ሌባው ያውላችሁ!» አለ ነጋዴው፣ ጥግ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠውን ቀጭን ወጣት እያመለከተ። «ምን ትጠብቃላችሁ? እሰሩልኝ እንጂ!»

«እሱ መሆኑን በምን አወቁ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ነጋዴው ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው። «ያንብቡ! ኢንተርኔቱ ነው የሚናገረው። ከማረፊያ እስከ ማረፊያ ያለውን ርቀት፣ እንዲህ ያለች አውሮፕላን የሚፈጅባትን ጊዜ፣ ሁሉንም ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። አርባ ደቂቃ! እሱ አንድ ሰዓት ፈጀ። ሃያ ደቂቃ የት ነበር? ጠጠሩስ የየት ነው? የሐይቁ! ተራራው ላይ ጥቁር ድንጋይ እንጂ እንዲህ ያለ ነጭ ጠጠር ለመድኃኒት አይገኝም። ሐይቁ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ወረደ፣ ዕንቁዬን ለግብረ አበሩ አቀበለ፣ ከረጢቱን ጠጠር ሞላ፣ መጣ። አለቀ!»

«እርስዎ ፖሊስ ቢሆኑ ኖሮ እኔና ኢንስፔክተር እንጀራችን ተዘግቶ ነበር» አለ ሳጅኑ። ሳጅኑ ሰፊ ሰው ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል፣ ቀልዱ ደግሞ ከሆዱ ይቀድማል።

ኢንስፔክተሯ አብራሪው አጠገብ ተቀመጠች። «ዛሬ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ይፈጅብሃል?»

«ሁልጊዜ። ስድስት ዓመት ሙሉ። ግድግዳው ላይም ተጽፏል።»

«በካርታው ቀጥታ ቢመጣ አርባ ነው የሚሉትስ?»

«ዞሬ ነው የምመጣው።»

«ለምን ትዞራለህ?»

«ደመና…» አለ፣ ኮፍያውን እያሽከረከረ። «ደመና ስላለ።»

ሳጅኑ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተመለከተ። «ሰማዩ እኮ ፏ ብሏል።»

«ጠዋት ነበረ።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በየጠዋቱ?»

አብራሪው ኮፍያውን ራሱ ላይ ደፋ። ኢንስፔክተሯ የአውሮፕላኗ ባለቤት ጋ ደወለች፤ ባለቤቱ የአብራሪው አጎት ነበሩ። ጥያቄውን ገና ሳትጨርስ «ደመና ነው!» ብለው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት። አጎትና የእህት ልጅ አንድ ላይ ያጠኑት ውሸት መሆኑን ለማወቅ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም ነበር።

«እንግዲህ እስከ ነገ ማታ!» አለ ነጋዴው። «ዕንቁዬ ካልተገኘ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አመለክታለሁ፣ የማብረሪያ ፈቃዱን ይነጥቁታል። በሬዲዮም ከነስሙ አስነግራለሁ!»

አብራሪው ያን ጊዜ ብድግ አለ። «ፈቃዱን ይውሰዱት። እሰሩኝም። በሬዲዮ ግን… እባክዎ፣ በእናትዎ፣ በሬዲዮ አያስነግሩ።»

ኢንስፔክተሯ ሃያ ዓመት ያህል ሌባ ስትመረምር ኖራለች። እስር ቤት የሚፈራ ታውቃለች፣ ዱላ የሚፈራ ታውቃለች፤ ከእስር ቤት ይልቅ ሬዲዮ የሚፈራ ግን ገጥሟት አያውቅም። ልጁ አንድ ነገር ደብቋል። የደበቀው ነገር ዕንቁ ይሁን አይሁን ነበር ጥያቄው።

ከጠጠሮቹ አንዷን አንስታ አገላበጠቻት። አንዱ ጎኗ ንጹሕ ነው፤ በሌላው ጎኗ ላይ ስስ አረንጓዴ ነገር ተለጥፏል። ሁለተኛዋም እንደዚያው፣ ሦስተኛዋም እንደዚያው። ሁሉንም በመሐረቧ ቋጥራ ኪሷ ከተተቻቸው።

«ከረጢቱን ከመክፈትዎ በፊት መዝነውታል?» ስትል ነጋዴውን ጠየቀችው።

«መዝኜዋለሁ እንጂ! ከላይ በሬዲዮ ከነገሩኝ ጋር ልክ ነበር። ፀጉር የምታህል ልዩነት የለውም። እሱ አይደል ያሞኘኝ!»

በዚያ በረራ የመጣችው አንዲት መንገደኛ ብቻ ነበረች፤ ጡረታ የወጣች አዋላጅ። ወደ ልጇ ቤት ስትሄድ ሳጅኑ ደርሶ መለሳት። ትልቅ ቦርሳ ይዛለች፣ ቦርሳው በተራመደች ቁጥር ይንቃጨላል። ሳጅኑ የቦርሳውን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑ በራ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልንና ቦርሳዎን እንየው።»

«እየው ልጄ፣ ምን ቸገረኝ።»

ሳጅኑ ከፍቶ እጁን ሰደደ። ያወጣው ብይ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አንድ ጠርሙስ ሙሉ የልጆች ብይ።

«ለልጅ ልጆቼ ነው» አለች አዋላጇ። «አንድም ለአንተ ልስጥህ? ፊትህ የልጅ ነው።»

ሳጅኑ አፍሮ ብዩን መለሰ፤ አንዷን ግን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

«እትዬ፣ ዛሬ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ኧረ የምን ማረፍ! እኔ ተኝቼ ነው የምመጣው። ማረፍ ካለ ያንገጫግጫል፣ እነቃ ነበር። የምነቃው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጋደም ይልና ክንፎቹን ግራና ቀኝ ያወዛውዛቸዋል። ያን ጊዜ አንገቴ ቀጭ ይላል። ስመጣም ስሄድም እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ልማድ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።»

እንግዲህ ላይኛውን ማረፊያ ሳያዩ ነገሩ እንደማይፈታ ግልጽ ሆነ። ኢንስፔክተሯ ግን ይኸን አልወደደችውም። በሥራ ዘመኗ ሌባ አሳድዳ አጥር ዘላለች፣ ጣሪያ ላይ ወጥታለች፣ ከውሻ ጋር ተናንቃለች፤ አውሮፕላን ግን ተሳፍራ አታውቅም። «እግሬ መሬት ካልነካ ጭንቅላቴ አይሠራም» ትል ነበር። በመኪና እንዳትሄድ የነጋዴው ቀጠሮ ቀድሟት ያልቃል።

«ሌላ አብራሪ የለም?» አለች።

«የለም» አለ ሳጅኑ። «ከፈለጉ ተጠርጣሪውን እጁን እንሰረውና በእግሩ ያብራ።»

በማግስቱ ማለዳ ኢንስፔክተሯ ከፊት፣ አብራሪው ጎን ተቀመጠች። ሳጅኑ ከኋላ ሁለት ወንበር ሞልቶ ተደላደለ። ቀበቶዋን ሦስት ጊዜ አጠበቀች።

«ዛሬ በካርታው ሂድ» አለችው። «ቀጥ ብለህ።»

አብራሪው ትንሽ አመነታና «እሺ» አለ።

አውሮፕላኗ ስትነሳ ኢንስፔክተሯ የማታውቀውን ጸሎት ሁሉ ጸለየች። ዓይኗን የገለጠችው ሳጅኑ ከኋላ «ኧረ ይመልከቱ፣ ሐይቁ!» ሲላት ነው። በግራ በኩል ሐይቁ ተንጣሎ ይታያል። ዳርቻው ቤት የሚያህል ቋጥኝ የተከመረበት ነው፤ ቋጥኝ በሌለበት ረግረግ ነው። እንኳን አውሮፕላን ፍየል የምትቆምበት ቦታ አይታይም።

«እዚህ ማረፍ ይቻላል?»

«ማረፍ ይቻላል፤ መነሳት ነው የማይቻለው» አለ አብራሪው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብሎ።

ወዲያው ግን ፈገግታው ጠፋ። ዓይኑ ወደ ቀኝ ሄደ፣ በሁለት ተራሮች መካከል ወዳለ አረንጓዴ ሸለቆ። መሪውን የያዘው እጁም ሳያስበው ወደዚያው ሳብ ሲያደርገው ኢንስፔክተሯ አየች። እጁን መለሰና ቀጥ ብሎ በረረ፤ ፊቱ ግን በቤቱ ደጅ ሳይገባ እንዳለፈ ሰው ተከፋ። ኢንስፔክተሯ ፍርሃቷን ለአፍታ ረሳችው። ጠጠሩ በግራ ነው፤ የዚህ ልጅ ምሥጢር ግን በቀኝ ነው።

አርባ ደቂቃ ሲሞላ ላይኛው ማረፊያ ደረሱ። ኢንተርኔቱ አልዋሸም።

የላይኛው ማረፊያ ሥራ አስኪያጅ ከረባቱን አስተካክሎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እየሮጠ መጣ። ዙሪያው ጥቁር ስለታም ድንጋይ ብቻ ነው፤ ሰውየው ያን ሁሉ አቧራ አልፎ ጫማው እንዴት እንደሚያብረቀርቅ ሳጅኑን ገረመው።

«አይ የኛ አብራሪ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ እኮ አላመንኩም። ጨዋ ልጅ ነበር። ግን ያ ሃያ ደቂቃ… ምን ይባላል?»

ቢሮው ጠባብና ንጹሕ ነው። ሚዛኑ፣ የሬዲዮ መገናኛው፣ የብረት ቁም ሳጥኑ፣ እና መስኮቱ ሥር አንድ የመስታወት ገንዳ፣ ውስጡ አንዲት ብርቱካንማ ዓሣ። ከገንዳው ጎን ሦስት ትላልቅ ጣሳዎች ተደርድረዋል።

«ምንድነው እሱ?» አለ ሳጅኑ።

«የዓሣዋ ምግብ ነው።»

«ሦስት ጣሳ? ለአንዲት ዓሣ? ኢንስፔክተር፣ እኔም ከዚህ ቤት ልቀጠር።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀና ነገሩን አስረዳ። የቆፋሪዎቹ ሽማግሌ ዕንቁውን በዋዜማው አምጥተው ፊታቸው ተመዘነ። ሌሊቱን በብረት ቁም ሳጥኑ አደረ። ጠዋት እሱ ራሱ አሰረው፣ ለአብራሪው አስረከበው። «ሚዛኑ እዚህም እዚያም አንድ ነው። ስለዚህ ከእጄ በደህና ወጥቷል ማለት ነው።»

ኢንስፔክተሯ አልመለሰችለትም። ዓሣዋን እያየች ነበር። ዓሣዋ ወደ ታች ትወርድና መስታወቱ ወለል ላይ የራሷን መልክ ስታይ ደንግጣ ትመለሳለች። ደግማ ትወርዳለች፣ ደግማ ትደነግጣለች። የገንዳው ግድግዳ ዙሪያውን ስስ አረንጓዴ ለብሷል፤ ከሥሩ ጣት የምታህል ጠርዝ ላይ ብቻ መስታወቱ ጥርት ብሏል። እዚያ ድረስ አንድ ነገር ሸፍኖት ኖሯል።

«አንድ ነገር ያስረዱኝ» አለች፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞራ። «ሌባው ሐይቅ ዳር ወርዶ በጥድፊያ ጠጠር ያፍሳል እንበል። ከዕንቁው ጋር እንዲህ ልክ እንዲሆንለት ሚዛን ተሸክሞ ነው የወረደው?»

«አ… አጋጣሚ ይሆናል።»

«ይሁን። ሐይቁ ደግሞ ማዕበል አለው፤ ጠጠሩን ሲያገላብጠው፣ ሲፈትገው ይኖራል። እነዚህ ግን አንድ ጎናቸው ብቻ ነው አረንጓዴ የለበሰው። ማንም ሳይነካቸው፣ በረጋ ውኃ ውስጥ፣ አንድ ጎናቸውን ለብርሃን ሰጥተው ለረጅም ጊዜ የተኙ ናቸው።»

መሐረቧን ፈታች። ሥራ አስኪያጁ ከረባቱን ላላ አደረገ። ኢንስፔክተሯ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ገንዳው ውስጥ ጣለቻቸው፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያሉ ወረዱ። ዓሣዋ መጀመሪያ ሸሸች። ቀጥሎ ቀረብ አለች፣ አሸተተች፣ ከዚያ ቁልቁል ወርዳ ሆዷን ጠጠሮቹ ላይ ጋደም አድርጋ በአፏ ታገላብጣቸው ጀመር።

«ቤቷን አወቀች» አለች ኢንስፔክተሯ።

 ሳጅኑ ይኼኔ ወደ ጣሳዎቹ ሄዶ ነበር። የመጀመሪያውን ከፈተ፣ ምግብ። ሁለተኛውን ከፈተ፣ ምግብ። ሦስተኛውን ሲያነሳ ክንዱ ወደ ታች ሄደ። እጁን እስከ ክርኑ ሰድዶ ጎረጎረና በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጨርቁ ሲገለጥ ቢሮው ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ተንቦገቦገ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል እሰማ ነበር» አለ ሳጅኑ። «ዕንቁ ያወጣል ያለኝ ግን የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «ስድስት ዓመት የሰው ሀብት ስመዝን ኖርኩ» አለ። «አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ የበረራውን ርቀት ስልኬ ላይ አየሁት፤ አርባ ደቂቃ ይላል። እኔ እዚህ ሲነሳ አያለሁ፣ ታች ሲደርስ በሬዲዮ እሰማለሁ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ትተርፋለች። አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። እሱም ቢጠየቅ መልስ የለውም። ባለቤት የሌላት ሃያ ደቂቃ ናት ብዬ… ጠጠሩንም ድሮ ለዓሣዋ ያመጣልኝ እሱ ራሱ ነው፤ በመኪና ሐይቅ ዳር ወርዶ ለቅሞ።»

«ውለታውን በደንብ መለስክ» አለ ሳጅኑ፣ ካቴናውን እያወጣ። ከዚያ ዘወር ብሎ ለዓሣዋ ቁንጥር ምግብ ጣለላት። አደራዋንም ለማረፊያው ዘበኛ ሰጠ።

ሲመለሱ ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ከሳጅኑ ጋር ተጨናንቆ ተቀመጠ። አብራሪው ዕንቁው መገኘቱን ሲሰማ ኢንስፔክተሯን አቅፎ ሊስማት ምንም አልቀረው፤ በመጨረሻ እጇን ጨብጦ ብዙ ነቀነቀው። አውሮፕላኗ ከተነሳች በኋላ ግን ዝም ብሎ በካርታው መስመር ይበር ጀመር።

«ምነው?» አለች ኢንስፔክተሯ። «እንደ ልማድህ ሂድ እንጂ።»

ዞር ብሎ አያት። ከዚያ መሪውን ወደ አረንጓዴው ሸለቆ አዞረው።

ሸለቆው ውስጥ ሰማያዊ በር ያላት አንዲት ቤት አለች። አውሮፕላኗ ስትቀርብ በሩ ተከፈተና አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እያወለበለቡ ወጡ። አብራሪው ዝቅ አለ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ክንፎቹን ግራና ቀኝ አወዛወዘ። አሮጊቷ ባሉበት ሆነው ይዘላሉ ማለት ይቻላል።

«እናቴ ናት» አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፣ አፉ ይስቃል። «አብራሪ ልሆን ነው ስላት አልጋ ላይ ወደቀች። ያለችኝ አንተ ብቻ ነህ፣ እንዴት በአየር ትንጠለጠላለህ አለች። እኔና አጎቴ መክረን አውቶቡስ ነጂ እንደሆንኩ ነገርናት። እሷ ይኸው ስድስት ዓመት የማን አውሮፕላን እንደሆነ ሳታውቅ ትወጣለች። ልጠይቃት ስሄድ ምን ትለኛለች መሰልዎት? ‹ያ ጨዋ አብራሪ ዛሬም ሰላም አለኝ፤ አንተም እንደሱ ሰው አክባሪ ሁን›።»

«ሬዲዮውስ?»

«ሬዲዮ ከጆሮዋ አይጠፋም። ስሜን ብትሰማ… ትሞትብኛለች።»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ መጣ፣ ሁለቱንም አልደበቀችም። ከኋላ ሥራ አስኪያጁ በመስኮቱ አንገቱን ሰግጎ ቁልቁል ያያል።

«ሃያ ደቂቃው ይኼ ነው?» አለ።

«ይኼው ነው» አለ ሳጅኑ። «ባለቤት አላት።»

ነጋዴው ዕንቁውን ቆጥሮ፣ መዝኖ፣ ደግሞ ቆጥሮ ተረከበ። አብራሪውን ይቅርታ ሲጠይቅም እንደ ጩኸቱ ከፍ ባለ ድምፅ ነበር። «ግን ሃያ ደቂቃው…» ሊል ሲጀምር ኢንስፔክተሯ አቋረጠችው። «ዕንቁዎ የተሰረቀው አውሮፕላኑ ከመሬት ሳይነሳ ነው። ከተነሳ በኋላ ያለው ደቂቃ የፖሊስ ጉዳይ አይደለም።»

ቢሆንም መዝገብ ሳይጣራ አይዘጋም። በሳምንቱ ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ በመኪና፣ በጽኑ መሬት፣ ወደ ሸለቆው ሄዱ። ሰማያዊውን በር ሲያንኳኩ አሮጊቷ ዩኒፎርማቸውን አይተው አልደነገጡም። አስገቧቸው፣ ሻይ ቀዱላቸው። ለሳጅኑ በትልቁ ብርጭቆ ነበር።

«እማማ፣ የሠፈሩን ደኅንነት እየዞርን እያየን ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ልጅ አለዎት?»

«አንድ አለኝ። አውቶቡስ ነጂ ነው።» አሮጊቷ ሻያቸውን ፉት አሉና በብርጭቆው ጠርዝ ላይ አዩዋት። «አንቺ የያዝሽው ጉዳይ ተፈታ አይደል?»

«የ… የምን ጉዳይ?»

«የዕንቁው ነዋ። ወንድሜ ስልክ ደውሎ ደኅና ነሽ ወይ፣ ሬዲዮሽ ተበላሽቷል ወይ ሲለኝ፣ ልጄ ላይ አንድ ነገር እንደመጣ አወቅሁ። ከዚያ የዕንቁው ሌባ ተያዘ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ተመስገን አልኩ።»

ሳጅኑ ሻዩ ትን አለው። ኢንስፔክተሯ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እማማ… ያውቃሉ?»

«ልጄን አላውቅም? ልጅ ሳለ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከዚያች ኮረብታ ላይ ሆኖ ነው የሚሰናበተኝ። እጁን ዘርግቶ፣ ግራ ዘንበል፣ ቀኝ ዘንበል። ያ አውሮፕላን መጀመሪያ ቀን መጥቶ እንዲያ ሲያደርግ እዚህ ደፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ነጠላዬን አወለበለብኩ።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገሩትም?»

«እኔ እንደማውቅ ካወቀ ስለ ነፋሱ እጠይቀዋለኋ፣ ስለ ደመናው፣ ስለ ሞተሩ። እሱም እንዳልሰጋ ብሎ ይዋሸኛል። አሁን የሚዋሸኝ ስለ አውቶቡሱ ብቻ ነው። ሲያልፍ በዓይኔ አየዋለሁ፣ ደኅና መሆኑን አውቃለሁ። ይበቃኛል። አደራ፣ እንዳትነግሩብኝ።»

ከሩቅ የሞተር ድምፅ መጣ። አሮጊቷ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንስተው እንደ ወጣት ፈጠን ብለው ወጡ። ኢንስፔክተሯም ተከተለቻቸው፤ ኮፍያዋን አውልቃ ማወዛወዝ ስትጀምር ራሷን ታዘበች፣ ግን አላቆመችም። አውሮፕላኗ ዝቅ አለች፣ ዞረች፣ ግራ ዘንበል፣ ቀኝ ዘንበል አለች።

ሳጅኑ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ደፉ ላይ ተቀምጧል። «ኢንስፔክተር» አለ፣ «መዝገቡ ላይ የቀረችን አንዲት ክፍት ቦታ ናት። ከማረፊያ ወደ ማረፊያ የሚፈጀው የበረራ ጊዜ ይላል። አርባ ደቂቃ ልበል?»

ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ከሰማዩ ሳትነቅል መለሰችለት።

«አንድ ሰዓት ብለህ ጻፍ።»